ከዛፍ ላይ የወረስነው ድምፅ

እኔ ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ያቅተኛል። ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ አብሬ እወርዳለሁ። ወራጅ ከጠፋ ደግሞ ቤቴን አልፌ እሄድና በእግሬ እመለሳለሁ። የቦንጋን ጭቃ የእኔን ያህል የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። ታዲያ የእኛ ዘር በምን ቢታወቅ ጥሩ ነው? በድምፁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴ ቅድመ አያት ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ እንደወጣ አንድ ጎሽ መጥቶ ከሥሩ ተኛ ይባላል። አጎቴ ሲያወራው ጎሹ ሦስት ይሆናል። ሰውዬው ሁለት ቀን አልወረደም። በሦስተኛው ቀን «እዚህ ነኝ!» ብሎ ሲጮህ ከወንዙ ማዶ ልጁ ሰማችው፤ ጎሹም ሰው ሳይደርስበት በጩኸቱ ደንግጦ ሸሸ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ማር ከመቆረጡ በፊት አንዲት ያላገባች የቤተሰቡ ልጅ ከዛፉ ሥር ቆማ «እዚህ ነኝ!» ትላለች። ማዶ የምትቆመው አክስቴ ከሰማች «ሰማንሽ!» ብላ ትመልሳለች። ካልሰማች ግን የመጀመሪያውን ማር የመቀበል ተራው ለሌላው ወንድም ቤት ያልፋል፤ አልፎም አይመለስም።

ዘንድሮ ተራው የአባቴ ነበር። አባቴ ደግሞ ከእኔ ሌላ ሴት ልጅ የለውም። ለዚያ ቀን ብሎ ኮቱን አሳጥቦ አሰጣው።

እኔ ስምንተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ወዲህ ልብስ ሰፊ ቤት ቁልፍ ነው የምተክለው። ቁልፍ መትከል ጩኸት አይፈልግም። ስለዚህ ሳምንት ሙሉ አፌን ትራስ ውስጥ ቀብሬ ተለማመድኩ። ትራሱም የሰማኝ አይመስለኝም።

ቀኑ ደርሶ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ወዳለው የአባቴ የትውልድ ሰፈር ሄድን። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። ከዛፉ ሥር ቆምኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ምነው ልጄ፣ ጎሹ እስኪያረጅ ነው የምትጠብቂው?» አለ አጎቴ። የእሱ ልጅ ከአሁኑ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

«እዚህ…» አልኩ።

«ምን አለች?» አለ አጎቴ። የቆመው አጠገቤ ነበር።

አንድ ጊዜ ዓይኔን ገልጬ አባቴን አየሁት። ጫማውን ያያል። መልሼ ጨፈንኩ። እዚያ ያደገ ሰው ከመቆሙ በፊት መሬቱን ያያል፤ እኔ ግን በሀፍረት ዓይኔን ጨፍኜ የጉንዳን መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። የመጀመሪያው ቁርጭምጭሚቴን ያዘ፤ ሁለተኛው ጉልበቴን። ሦስተኛው የያዘውን አልጽፈውም።

«እዚህ» ያልኩት እኔ ነኝ። «ነኝ!» ያለው ጉንዳኑ ነው።

ወፎቹ ከዛፉ ተነሡ። እኔ እዘላለሁ፤ ዘመዶቼ ጭፈራ መስሏቸው ያጨበጭባሉ። ከማዶ አክስቴ «ሰማንሽ! ሰማንሽ! ኧረ በቃሽ!» አለች።

አባቴ ኮቱን አስተካክሎ ወደ አጎቴ ዞረና «ዝምተኛ ናት እንጂ ደሙ አለባት» አለው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ስለ ጉንዳኑ እንዴት ብዬ ልንገረው?

ቆይቶ ስለ ቅድመ አያታችን ማሰብ ጀመርኩ። ያን የመሰለ ድምፅ ያለው ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ምን ይጠብቅ ነበር? እኔ ጠርጥሬዋለሁ። «እርዱኝ» ለማለት አፍሮ የተቀመጠ ይመስለኛል። ጉንዳን ደግሞ ዛፍ ላይም ይወጣል። ግን ይህንን ለማንም አልተነፈስኩም። በመካከሉ የአባቴ የታጠበ ኮት አለ።

ወደ ቦንጋ ስመለስ የመጀመሪያው ማር ለእኔ ተሰጥቶኝ ሚኒባሱ ውስጥ ታቅፌው ተቀመጥኩ። ቤቴ በመስኮቱ ታየኝ። እንደ ዘሬ አፌን ከፈትኩ።

የወረድኩት መናኸሪያ ነው። ማሩ ይከብድ ነበር።