ሙሽራ አሺዋ ጥሩወርቅ

ደብረ ታቦር ላይ ሴት ልጁን የሚድር ሰው ድንኳን ከመትከሉ በፊት ጥሩወርቅን ያስጠራ ነበር። ሥራዋ የሙሽራ ገላ ማሸት ነው። ከጉና የወረደ ገብስ ቆልታ ሽርክት አድርጋ ትፈጨዋለች፤ በማር ትለውሰውና የተወቀጠ ጨውና ሎሚ ትጨምርበታለች። ገብሱ ከላመ ቆዳውን ያባብላል እንጂ እድፍ አያወጣም፤ በጣም ከሻከረ ደግሞ ይቧጥጣል። ልኩን የምታውቀው በጣቶቿ መሃል አሽታ ነው። ከተማው ውስጥ የውበት ሳሎን ተከፈተ፣ በብልቃጥ የታሸገ ቅባት መጣ ሲሏት፣ «ማር እዚሁ እያለ?» ብላ አፏን ታጣምማለች።

ሙሽሮቹ ሁሉ አንድ ናቸው። ጨውና ሎሚው ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ይንጫጫሉ። «እትዬ ጥሩ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ!» ሲሏት፣ «ቻይው፤ ገና ባል አለ» ትላቸዋለች፤ እነሱም ይስቃሉ።

በ1993 ዓ.ም. ጥር ላይ ተራው የፈንታነሽ ልጅ የትዝታ ሆነ። ፈንታነሽ ጎረቤቷ ናት፤ ባሏ ሞቶባት አንዲት ልጇን ጠላ ሸጣ ያሳደገች። ሙሽራው እብናት እህል የሚነግድ ደህና ሰው ነው። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ትዝታ ጓዳ ገብታ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

ከግራ ትከሻዋ ሥር መዳፍ የማታክል ነጣ ያለች ምልክት ነበረች። ጥሩወርቅ እድፍ መስሏት ጠበቅ አድርጋ አሸቻት፤ አልለቅ አለች። ደግማ አሸች። ቆዳው ተልጦ ደም ወጣ፤ ጨውና ሎሚው ገባበት። ትዝታ ግን ስለ ሚዜዎቿ ጫማ እያወራች ትስቃለች።

የጥሩወርቅ እጅ ቆመ። ልጅ ሳለች አጎቷ የጋለ ድስት በእጁ ይዞ ሳይሰማው ሲያወራ አይታለች፤ ሥጋ ደዌ በኋላ ምን እንዳደረገውም አይታለች። መድኃኒቱ በነፃ እንደሚሰጥ፣ በሽታው ቶሎ ከተያዘ ምንም ሳያጎድል እንደሚድን ከጤና ጣቢያ የመጡ ሰዎች ሲናገሩም ሰምታለች። አገሩ ግን በዘር የሚወርድ ነው ይላል። ነገሩ ከዚያች ጓዳ ከወጣ ሠርጉ ይፈርሳል፣ የፈንታነሽንም ጠላ ደፍሮ የሚጠጣ አይገኝም።

«ምነው ዝም አሉ?» አለች ትዝታ። ዞር ስትል ጥሩወርቅ በያዘችው መጥረጊያ ጨርቅ ላይ ደም አየች።

«ምንም አይደል፤ ጭርት ናት» አለቻት ጥሩወርቅ፤ ቁስሉንም ለጋ ቅቤ ቀባችው። ደጅ ለምትጠብቀው ለፈንታነሽም፣ «ገላዋ ጥርት ብሏል» ስትላት እልልታው ቀለጠ።

ከሠርጉ በኋላ እነግራታለሁ ብላ ነበር። ሠርጉ ሲያልፍ፣ ጫጉላዋን ትጨርስ አለች። ቀጥሎ ትዝታ አረገዘች ሲባል ሰማችና፣ ደግሞ በሰላም ትገላገል አለች። ከዚያ ወዲያ ለራሷም የምትሰጠው ምክንያት አጣች፤ ዝም ብላ ሌሎች ሙሽሮችን ማሸቷን ቀጠለች።

በስምንተኛው ዓመት ትዝታ እናቷ ቤት ተመለሰች። ባሏ ልጇን አስቀርቶ ሰዷታል። ከሰዓት በኋላ ጥሩወርቅ ቤት መጣች፤ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል።

«መድኃኒቱን ዓመት ሙሉ ዋጥሁ። ድነሻል ብለውኛል» አለች። «ጣቶችሽ ግን አይመለሱም፤ ዘገየሽ አሉኝ።»

ጥሩወርቅ ከመደቡ ወርዳ ትዝታ እግር ላይ ተደፋች። «ያን ቀን አውቄ ነው፤ አውቄ ነው ዝም ያልኩሽ። ይቅር በይኝ ልጄ!»



«እኔም ምልክቷን በመስታወት ካየኋት ዓመት ሆኖኝ ነበር» አለች ትዝታ። «ጤና ጣቢያ ሄጄ ካርድ አውጥቻለሁ፤ ቀጠሮዬ ባሹኝ በማግሥቱ ነበር። አንቱ ጭርት ናት ሲሉኝ ጊዜ፣ ደስ ብሎኝ ቀረሁ።»

 የጥሩወርቅ እንባ እግሯ ላይ ይወርዳል።

«ይነሡ እትዬ፣ ይነሡ» አለቻት ትዝታ፤ ከመሬት ልታነሣትም ጎንበስ አለች። ጣቶቿ ግን የጥሩወርቅን ክንድ አጥብቀው መያዝ አልቻሉም።