የጉልታችን ምሰሶ

እኔ በአንድ የባህር ዛፍ እንጨት እኮራለሁ። ልጆቼ ይህን ስል ይስቃሉ። ይሳቁ። እንጨቱ ዛሬ የለም፤ ምስጥ ሥሩን በልቶ ጥሎታል፤ በቦታው ሌላ ቆሟል። ቢሆንም ቆቦ በሄድኩ ቁጥር ከአውቶብስ ስወርድ መጀመሪያ የማየው እሱ የነበረበትን ቦታ ነው።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ድርቁ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመት በፊት። ባሌ ሚሊሺያ ተብሎ ከዘመተ ወዲህ ቤት የቀረነው አማቴ፣ እኔና ጡት ያልጣለች ልጄ ነበርን። መሬት ነበረን፤ የሚያርሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ የምንኖረው በጉልት ነበር።

ጉልታችን አውራ ጎዳናው ዳር፣ ከቦኖ ውኃው አጠገብ፣ መኪና ጥግ ይዞ በሚቆምበት ሰፊ ቦታ ላይ ነው። ክርስቲያኗም እስላሟም በየመደባችን ተደርድረን እንቀመጣለን። እኔ ቅቅል እንቁላል እሸጣለሁ። አማቴ ሎሚ ይሸጣሉ፤ ማሽላው ሲደርስ ደግሞ ጥንቅሽ፣ ያው እንደ ሸንኮራ የሚመጠጠውን የማሽላ አገዳ። ከጎናችን የምትቀመጥ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ነበረች፤ ከላስታ በኩል የወረደች፣ ምላሷ ከሽንኩርቷ ይበልጥ የሚያስለቅስ።

የእኛ ገበያ የሚደራው ሲመሽ ነው። ከደሴ በኩል የተነሳ መኪና ቆቦ የሚደርሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ተሳፋሪው ርቦታል፣ ሾፌሩ ደክሞታል። ሾፌር ደግሞ ብርሃን ያለበት ነው የሚቆመው። እኛ የነበረን ኩራዝ ነው። የራያን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለኩሰሽ እጅሽን ሳታነሺ ነው የሚያጠፋብሽ። ስንት ጊዜ አውቶብሱ ቀስ ብሎ፣ ጨለማውን አይቶ፣ ጥሩንባውን ነፍቶ ወደ ዋጃ ነጎደ! የዚያን ቀን እራታችን ያልተሸጠው እንቁላል ነው። እንቁላል እራት በላን ብሎ መኩራት የለም፤ የነገን መነገጃ መብላት ነው። እንዲህ ሦስት ማታ በተከታታይ ከሄደ እኔና አማቴ ጉልት መውጣታችን ያበቃ ነበር።

በዚያ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ የመብራት ሞተር ተከለና ቀበሌው ሰበሰበን። ሊቀመንበሩ የመንደራችን ልጅ ነው። እናቱን ያዋለዷት አማቴ ናቸው፤ በመንደሩ ምጥ የያዛት ሁሉ የምትጠራው እሳቸውን ነበር። አሁን ግን ካኪ ለብሶ፣ ሽጉጥ ታጥቆ ጓድ ተብሏል። «ሽቦና አምፖል ከማዘጋጃ ቤት፣ ምሰሶ ከመንደሩ፤ ምሰሶ ያመጣ መንደር መብራት ያገኛል» አለ። አጨበጨብን። ያኔ ለሁሉም ነገር ይጨበጨብ ነበር፤ ለዚህ ግን ከልባችን ነበር ያጨበጨብነው።

ምሰሶ ብሎ መናገር ቀላል ነው። ራያ ሜዳ ላይ ያለው ግራር ነው፤ ግራር ደግሞ ቀጥ ብሎ ማደግ አይሆንለትም። ባህር ዛፍ ከደጋ መውረድ አለበት። በየማታው ከሽያጫችን ላይ ቀነስ እያደረግን አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ጣልን። ለእኛ ለቸገረን ሰዎች ያ ጣሳ ሲሞላ ማየት ራሱ አንድ ደስታ ነበር። በኋላ አንድ የካሚዮን ሾፌር፣ ዘወትር እንቁላሌን እየበላ የሚያልፍ ሰው፣ «ጭነቱ በእኔ» አለና እንጨቱን ከደጋ አምጥቶ ጉልታችን ላይ አወረደልን። ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ ገና ሽታው ያልለቀቀው። እስኪተከል ድረስ መቀመጫችን ሆነ። ልጄ መቆም የለመደችው እሱን ይዛ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስንመጣ እንጨቱ የለም። የጎተቱበት መስመር አፈሩ ላይ ይታያል። መስመሩን ተከትለን ብንሄድ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ አደረሰን። ምሰሶአችን እዚያ ተተክሏል፤ አምፖልም ተንጠልጥሎለታል።

ደሜ ፈላ። መሬት ላይ ያየሁትን ድንጋይ አነሳሁ። አማቴ እጄን ያዙኝ።

«ጣይው» አሉኝ። «የገዛ አምፖልሽን ልትሰብሪ ነው?»

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ገባን። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ሳይነሳ ሰማንና መልሱን ሰጠን። መብራቱ የሰፊው ሕዝብ ነው፤ የግል ነጋዴ ማድለቢያ አይደለም፤ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ የሰፊው ሕዝብ ቤት ነው፤ አድኃሪ በጨለማ ተገን እንዳይጠጋው ብርሃን ያስፈልገዋል። በአንድ ሰፌድ እንቁላል የግል ነጋዴ መባሌን ያን ቀን ሰማሁ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አለች ሽንኩርት ሻጯ፣ ለእሱ ሳይሆን ለጣሪያው።

አማቴ ግን በእርጋታ ጠየቁት። «የሰፊው ሕዝብ ነው አልክ?»

«አዎ እናቴ፣ የሰፊው ሕዝብ ነው።»

«መልካም። እንግዲያው ቃልህን ያዝ» ብለው ወጡ።

መንገድ ላይ አላስችል አለኝ። «እንዴ! አንቱ፣ እንዲሁ ልንተወው ነው?»

«አብሽሪ» አሉኝ። «መብራቱ የእኛ ነው። ዛሬ ማታ መብራታችን ሥር እንቀመጣለን።»

ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ሞተሩ መጮህ ሲጀምር፣ ሰፌዳችንን ተሸክመን ወደ ቀበሌው በር ሄድን። መንገዱ እዚያ ጋ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ቦይ አለ፣ በሌላው አጥር። ሽንኩርት ሻጯ ከበሩ ግራ፣ እኛ ከበሩ ቀኝ፣ ሌሎቹ አጥሩን ይዘው ዘረጋን። አውቶብሱ መጣ፤ ብርሃን አየና ቆመ። ከኋላው ካሚዮን ቆመ። ተሳፋሪው ተራግፎ በሩን ሞላው። ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው ደርሷል፤ ጥንቅሹን እየመጠጠ ገለባውን እዚያው ይተፋል። ውስጥ የውይይት ክበብ ነበር። አንዱ ስለ ዓለም ወዛደር ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት እኔ ከውጭ «እንቁላል! ትኩስ ቅቅል!» እላለሁ። ድምፅ እንደሆነ አላህ አልነሳኝም።

ሊቀመንበሩ ወጣ። «ጉልት እዚህ ክልክል ነው! ተነሱ!»

አማቴ አንድ ጥንቅሽ ልጠው ዘረጉለት። «ጓድ ልጄ፣ መብራቱ የሰፊው ሕዝብ ነው አላልክም? ይኸው መጣልህ። ርቦት ነው የመጣው።»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ አብዮት ጠባቂዎቹን እንዲያስነሱን ዞር ብሎ ቢፈልጋቸው ከእኔ ሰፌድ አጠገብ ቆመው እንቁላል እየላጡ ነው። ተመልሶ ገባ።

በማግስቱም ሄድን፣ በሠልስቱም ሄድን። በየጠዋቱ የጽሕፈት ቤቱ በር ገለባና የእንቁላል ቅርፊት ለብሶ ይገኛል። ገለባውን ብለው የመንደሩ ፍየሎች ግቢው ገቡ። አንዷማ መፈክር የተጻፈበትን ካርቶን ግማሹን በላችው። የፍየሏ ባለቤት ይቅረብ ተብሎ ሲጣራ ፍየሏ የሊቀመንበሩ ሆና ተገኘች። ያን ሳምንት ቆቦ ውስጥ ያልሳቀ ሰው ቢኖር ጥርስ ያመመው ነው።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሊቀመንበሩ ቤታችን ድረስ መጣ። ኮፍያውን አውልቋል።

«እናቴ፣ እባክዎ ጉልቱን ወደ ቦታው ይመልሱልኝ።»

«ኧረ እዚያም ደህና ነን» አሉት። «መብራት አለ፣ ዘበኛ አለ። ምን ጎደለን?»

«ምሰሶውን እንመልሳለን።»

«ማብሪያውስ?»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ልጄን እያጠባሁ ነበር፤ ይህን ስሰማ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ማብሪያው እሱ ዘንድ ከቀረ በተቆጣ ቁጥር ያጨልመናል፤ እኔ ግን ምሰሶ ምሰሶ እያልኩ ይህን አላሰብኩትም ነበር። እሱ ተቃወመ። ኤሌክትሪክ የተማረ ሰው ነው የሚነካው፤ ይገድላል፤ ለጉልት ሴት አይሰጥም አለ።

«ይገድላል?» አሉ አማቴ። «አንተ ስትወለድ በእግርህ ነበር የመጣኸው። እናትህም አንተም ልትሞቱብኝ ነበር። በነዚህ እጆች ነው ያወጣሁህ፤ ያኔ የተማረች ትምጣ ያለኝ የለም።»

ሊቀመንበሩ «እሺ» ብሎ ኮፍያውን ደፋ። ምሰሶው በዚያው ቀን ተነቅሎ ወደ ጉልታችን መጣ። አማቴ ቆመው ሥሩን በድንጋይ አስጠቀጠቁት። ማብሪያው ምሰሶው ላይ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተገጠመ፤ የሳጥኑ ቁልፍ ለእኛ ተሰጠን።

ጉልት ውስጥ ሁሉም ነገር በተራ ነው፤ መጥረጉም፣ ውኃ መቅዳቱም። ማብራቱም በተራ ሆነ። የመጀመሪያው ማታ የአማቴ ነበር። ማብሪያውን የገጠመው የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ምንም አይልዎትም ቢላቸው ሊያምኑት ነው? እጃቸውን በሻሻቸው ጠቅልለው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ጫኑት። በራ። ያ ሁሉ ሴት እልልታውን አቀለጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለተራዋ ማንም ትሁን ማን እጇን ሳትጠቀልል ማብሪያውን አትነካም፤ እስላሟ በሻሽ፣ ክርስቲያኗ በነጠላ። የማዘጋጃ ቤቱም ሰው ተስፋ ቆርጦ ተወን።

አውቶብሱ ይቆምልን ጀመር። ከሮቢትና ከጎብዬ ለገበያ የመጡ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ ቆመው ያዩታል። «ይኼ የማን መብራት ነው?» ሲሉኝ «የእኛ» እላቸዋለሁ። «የእኛ» ስል አንገቴ ይረዝም ነበር፤ ምን ላድርግ።

ዓመት ሳይሞላ ሊቀመንበሩ ተሻረ፤ ታሰረም። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ ያኔ አይጠየቅም። ሚስቱ ከልጆቿ ጋር ባዶ ቤት ቀረች። አንድ ማታ አንድ ሰፌድ ቃሪያ ይዛ መጣች። ወደ እኛ ግን አልቀረበችም፤ ብርሃኑ ከሚያልቅበት ወዲያ ጨለማው ውስጥ ተቀመጠች። ኩራዝ ለኮሰች፤ ነፋሱ አጠፋባት። ደግማ ለኮሰች፤ አጠፋባት። በማግስቱም እንደዚያው፣ ከዚያም ስንት ማታ እንደዚያው። ቃሪያዋን ይዛ ትመጣለች፣ ይዛው ትመለሳለች። እኔ ያንን አውቀዋለሁ፤ ቤቷ ሄዳ እራት ምን እንደምትበላ አውቃለሁ። ነገር ግን አፈሩ ላይ የነበረው መስመር ትዝ ይለኝና ዝም እላለሁ።

አማቴ «እናቅርባት» ያሉ ዕለት ሽንኩርት ሻጯ ተነሳች። «ሲሾም እንጨታችንን ወሰደ፣ ሲሻር ሚስቱን ላከብን! ጣሳችን ውስጥ ምን ጣለች? ያላዋጣ መብራታችን ሥር አይቀመጥም!» ብዙዎቹ እውነት ነው አሉ።

«እንግዲያው» አሉ አማቴ፣ «አውቶብሱ ሲመጣ ተሳፋሪው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይግዛን። እሱም አላዋጣም።»

አንዷ ሳቀች። አማቴ ግን አልሳቁም።

«መብራቱ የእንትና ነው፣ የእንትና አይደለም ሲባል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ» አሉ። «የሰማሁትም እዚያ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው።»

አማቴ ይህን እንዳሉ ተነስተው ወደ ጨለማው ሄዱ፤ የሴትዮዋን ሰፌድ በአንድ እጅ፣ እሷን በሌላ እጅ ይዘው መጡ። «አንቺ ልጅ፣ ጠጋ በይላት» አሉኝ። ጠጋ አልኩላት። ያን ማታ ቃሪያው አለቀ፤ ሴትዮዋ ግን ከመሬት ቀና ብላ አላየችንም።

በማግስቱ ማታ የማብራቱ ተራ የሽንኩርት ሻጯ ነበር። ሞተሩ ጮኸ። ቁልፉን ይዛ ተነሳች፣ ሳጥኑን ከፈተች፣ ቆመች። ከዚያ እንደ ተቆጣ ሰው ዞር ብላ ቁልፉን ለሊቀመንበሩ ሚስት ወረወረችላት።

«ነይ አብሪልኝ» አለቻት። «እጄ ሽንኩርት ነክቷል።»

እጇ ሽንኩርት ያልነካበት ቀን ነበር እንዴ!

ሴትዮዋ ተነሳች። ሳጥኑ ፊት ቆማ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና እጇን ጠቀለለች፤ ፊቷን አዞረች፤ ልክ እንደ እኛ። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም። ለካ በየማታው፣ ከዚያ ጨለማ ሆና፣ እኛ ስናበራ ታየን ኖሯል።

በራ። መጀመሪያ እልል ያለችው ሽንኩርት ሻጯ ናት። አማቴ ሎሚያቸውን እያስተካከሉ ነበር፤ ቀና ብለው አምፖሉን አዩና ወደ ሎሚያቸው ተመለሱ። ወላሂ፣ በዚያ እንጨት የዚያን ማታ ያህል ኮርቼ አላውቅም።