ለአራስ የማይነገር ወሬ

ማርች ኤይት በመጣ ቁጥር መሥሪያ ቤታችን ቲሸርት ያሳትማል። አንድ ዓመት ወይን ጠጅ፣ አንድ ዓመት ሮዝ፣ ደረቱ ላይ «ሴቶች በቴክኖሎጂ» ተብሎ ይጻፍበታል። አለቃዬ አጭር ንግግር ያደርጋሉ፣ ኬክ ይመጣል፣ በቴክኒክ ክፍሉ ያለሁት ሴት መሐንዲስ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ቢላዋው ለእኔ ይሰጠኛል። እቆርሳለሁ፣ ፎቶ እነሳለሁ። ቲሸርቶቹን ቤት ወስጄ ወለል እወለውልባቸዋለሁ፤ እውነት ለመናገር ውሃ በደንብ ይመጥጣሉ።

ሥራችን የሕክምና መሣሪያ መትከልና መጠገን ነው። ቢሮው ጉርድ ሾላ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣ ሴራሚክ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ነው። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ ተሳድቤ እወጣ ነበር። እሳቸው ግን ስታመም ቤት ድረስ መኪና የሚልኩ፣ ደመወዜን አንድ ቀን ያላዘገዩ፣ «እህቴ» ብለው የሚጠሩኝ ሰው ናቸው።

ልጄን ያረገዝኩ ዓመት ድርጅቱ የአንድ ሲቲ ስካን አምራች ወኪል ሆነ። ሲቲ ስካን እንደ ሌላው ዕቃ አይደለም። ከፍቶ ውስጡ መግባት የሚችለው ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ሠልጥኖ ፈተናውን ያለፈ መሐንዲስ ነው፤ የይለፍ ቃሉም የሚሰጠው ለእሱ ነው። የቀረው ሰው ባትሪ ያበራል፣ ብሎን ያቀብላል። የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አለቃዬ ቢሯቸው ጠርተው፣ ይህቺ የአንቺ ናት፣ ተዘጋጂ አሉኝ። ሆዴ ገፍቶ እያዩ ነው ያሉኝ፤ ሥልጠናው ልጄ ጠንከር ካለች በኋላ ነው ተብሎ ስለነበር ማንንም አላሳሰበም። ባለቤቴ ሐዋሳ አንድ ፕሮጀክት ላይ ነበር፤ ስነግረው ከእኔ በላይ ተደሰተ።

የማሽኑን መመሪያ አሳትሜ አስጠረዝኩት። ጠዋትና ማታ ባቡር ላይ ሰው «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እያለ ወንበር ይለቅልኛል፤ እኔ መጽሐፉን ሆዴ ላይ አስደግፌ አነባለሁ። አጠገቤ የሚቀመጡ ሴትዮዎች የጸሎት መጽሐፍ እየመሰላቸው አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ ሥዕሉን ሲያዩ ግን ዝም ብለው ወደ መስኮት ይዞራሉ። ደስተኛ ነበርኩ። ያንን ደስታዬን ሳስታውሰው አሁንም ያንገበግበኛል።

ስወልድ እናቴ ቤት አያት ኮንዶሚኒየም ገባሁ፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። እኔን የወለደች ጊዜ እረፍት ጨምሩልኝ ብትል እምቢ ብለዋት፣ ወገቧ ሳይጠና ታይፑ ፊት ተመልሳ ተቀምጣለች። ይህን ታሪክ ካደግኩበት ቤት ሶፋ በላይ አውቀዋለሁ። ስለዚህ እኔ ስወልድ ተራዋ ደረሰ። እሷን ያላሳረፏትን እረፍት እኔን ልታሳርፈኝ ቆረጠች። አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ የበግ ሾርባው አያልቅም። ስልኬን ደግሞ ለአራስ ዓይን ጥሩ አይደለም፣ ለሕፃኗም ጨረር አለው ብላ ሳሎን ቡፌው ላይ አስቀመጠችው። የሚደውለውን ሁሉ የምታነጋግረው እሷ ሆነች። አልዋሽም፣ ወድጄው ነበር። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ተንከባክቦኝ አያውቅም።

በአንድ ቅዳሜ የቢሮ ሰዎች ሊጠይቁኝ መጡ። አለቃዬ ዳይፐር በካርቶን አሸክመው፣ ሌሎቹ ሙዝና ብርቱካን ይዘው። አራስ ቤት ወሬ ተመርጦ ነው የሚወራው። የታመመ አይነሳም፣ የተባረረ አይነሳም፤ መርዶ እንኳ ቢኖር አራሷ እስክትጠና ይደበቃል። እናም ሰው ሁሉ ስለ ልጄ አፍንጫ አወራ። ከእኔ በኋላ የተቀጠረ አንድ ጎበዝ ባልደረባ አለን፤ ገንፎውን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ ቆየና፣ የሲቲ ስካኑን መመሪያ ብታውሺኝ አለኝ። ደስ አለኝ። አልጋ ላይ ሆኜ የራጅ ቱቦው እንዴት እንደሚሽከረከር፣ የትኛው ምዕራፍ ከባድ እንደሆነ፣ የቱን ሁለቴ ማንበብ እንዳለበት አስረዳሁት። እናቴ መጽሐፉን በፌስታል አድርጋ እስከ ደረጃው ሸኘችው። አለቃዬ ያን ሁሉ ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ገንፏቸውን ይበሉ ነበር።

ሥራ የተመለስኩ ዕለት መመሪያዬን የተዋሰው ልጅ ጠረጴዛ ባዶ ነበር። ጸሐፊዋን የት ሄደ አልኳት። ገርሟት፣ ሲቲ ስካን ሊማር ውጭ ከሄደ ሰነበተ፣ አልሰማሽም እንዴ አለችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ያ ሁሉ ብርቱካን የያዘ ሰው እያወቀ ነው ለካ የልጄን አፍንጫ ያደነቀው።

አለቃዬ ጋ ገባሁ። አልተደናገጡም፤ የሚያስደነግጥ ነገር የሠሩ አልመሰላቸውም። ፋብሪካው ሥልጠናውን አስቀድሞ፣ ስም ባስቸኳይ ላኩ ብሏቸው ነበር። ደውለውልኝ እናቴ አነሳች። አራስ ሴት በሥራ ማስጨነቅ ነውር ነው ብለው በእኔ ፈንታ እሷን ጠየቋት።

«እናትሽን አማክሬያለሁ እህቴ» አሉኝ። «እሳቸው ይቅርባት ካሉ እኔ ምን ልል እችላለሁ? ሌላ ጊዜ ይደርስሻል።»

የሴቶች መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የሴቶች ይባላል እንጂ መወልወያና ባልዲ የሚቀመጥበትም እዚያው ነው፤ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው ያለቀስኩት።

ማታ እናቴን ጠየቅኳት። ጡጦ እያጠበች ነበር። አዎ ደውሎ ነበር፣ ጨዋ ሰውዬ ነው፣ ሥልጠና ምናምን ሲለኝ አሁን አትችልም አልኩት አለች፤ ጡጦውን ወደ መብራቱ አንስታ አየችና እንደገና ታጥበው ጀመር። ልትነግረኝ እንኳ ትዝ አላላትም። ያን ሁሉ ጊዜ ለእኔ ስትል ቁጭ ብላ አታውቅም፤ እግሯ አብጦ ነበር። «ጥሩ አደረግሽ» አልኳት።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኔ ግን ዝም ማለትን እንኳ በወጉ አልቻልኩበትም። ሆዴ ውስጥ ያለው ንዴት በሌላ በር እየወጣ እናቴን በወጡ ጨው፣ በልጄ ካልሲ፣ በተከፈተ መስኮት እጨቀጭቃት ጀመር። እሷም አራስነት ያመጣው ነው እያለች ትታገሠኛለች። ይህን ያህል የሚወደኝ ሰው ላይ በእውነተኛው ነገር መጮህ አቅቶኝ በካልሲ ጮህኩ።

ልጁ ሠልጥኖ ተመለሰ፣ ማሽኖቹ መጡ፣ እሱም የክፍሉ ኃላፊ ሆነ። ተገቢው ነው፤ ሥራውን ያውቃል። ሌላ ጊዜ የተባለው ሥልጠና አንዴ ሲመጣ ለረዳቱ ተሰጠ፤ ሌላ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ «አንቺ ልጅ አለሽ» ተባልኩ። ረዳቱም ልጆች አሉት፤ የሱን ግን ማንም አላነሳቸውም። እኔ ትንንሾቹን የላቦራቶሪ ማሽኖች እጠግናለሁ። እወዳቸዋለሁ። ግን ያቺን ትልቋን ተከፍታ ባየኋት ቁጥር ቆሜ ውስጧን አያለሁ።

ባለፈው ክረምት እናቴን የኩላሊት ጠጠር ይዟት ሐኪሙ ሲቲ ስካን አዘዘላት። ቦሌ አንድ የምርመራ ማዕከል ወሰድኳት፤ ማሽኑ የኛ መሥሪያ ቤት የተከለው ነው። ተራዋ ሊደርስ ሲል ማሽኑ ቆመ። የራጅ ባለሙያው ያውቀኛልና እፎይ ብሎ፣ እንኳን ኢንጂነሯ እዚህ ሆነች እያለ በሽተኞቹ ፊት ወደ ውስጥ ወሰደኝ። ስክሪኑ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ቆሜ አየሁትና ወጥቼ ኃላፊያችን ጋ ደወልኩ። ጅማ ነበር፤ ረዳቱም አብሮት ነው፤ ነገ ነው የምንገባው አለኝ።

እናቴ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ጎኗን ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ለተቀመጡት ሁሉ ልጇ መሐንዲስ እንደሆነች ነግራ ጨርሳለች።

«አንቺ እያለሽ?» አለችኝ።

እኔ ይህን ማሽን አልሠራም፣ የተማረው ሌላ ሰው ነው አልኳት።

«አንቺ ለምን አልተማርሽውም?»

ምንም ብላት ትቀበለኝ ነበር። ግን ደክሞኝ ነበር። እሷን እንዲህ ስትታመም እያየሁ እጄን አጣጥፌ መቆሜ አናዶኝ ነበር። «የሚማረው ሰው ሲመረጥ አራስ ነበርኩ» አልኳት። «ደውለው አንቺን ጠይቀውሻል።»

 ቀስ ብላ፣ እሷ እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሥልጠና አዳማ ሄዶ ሦስት ቀን ሆቴል ተቀምጦ መመለስ መስሏት እንደነበር ነገረችኝ። እኔም ይህ ነገር ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደምፈልገው አንድ ቀን አስረድቻት አላውቅም። ለባለቤቴ ነግሬያለሁ፣ ለጓደኞቼ ነግሬያለሁ። እናቴ አይገባትም ብዬ ነው።

«ባውቅማ ልጅቷን እኔ እይዛት አልነበር?» አለችኝ። «አንቺን ለጎረቤት ትቼ ሥራ የገባሁ ሴት፣ የልጅሽን ጡጦ መያዝ ያቅተኛል?»

ኮንትራት ታክሲ ይዘን ወደ አያት መመለስ ጀመርን። እናቴ ጎኗን እንደያዘች በመስኮት ታያለች። ጉርድ ሾላ መሥሪያ ቤታችን ጋ ስንደርስ ሹፌሩን ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ እዚህ ጋ አቁምልኝ ልጄ አለችው። ምን ፈልገሽ ነው አልኳት።

«አለቃሽን ላናግረው። ያስቀረኋት እኔ ነኝ፣ አሁን ፈቅጃለሁ ልበለው።»

ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ በመስታወቱ አየኝ። የአለቃዬ መኪና በሩ ላይ ቆማለች። አንዲት የታመመች አሮጊት እናት ደረጃ ወጥታ ለትልቅ ሴት ልጇ ፈቃድ ስትሰጥ የክፍላችን ሰዎች ሲሰሙ ታየኝና አፈርኩ። ለእናቴ «ዛሬ አልገቡም» አልኳት፤ ሹፌሩንም ንዳው አልኩት።