ለእርቅ የተጠራው ሬዲዮ

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት ርዕስ ሬዲዮ በሰዎች ጠብና እርቅ ውስጥ ያለውን ሚና የሚመለከት ነበር። አዲስ አበባ ያለው አማካሪዬ ርዕሱን ወደደልኝና «ግን ተጨባጭ ግጭት ይዘህ ና» ብሎ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ደሴ ሸኘኝ። ዘመኑ ደርግ ነው። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚኖርበት ጊዜ እኔ መጠይቅ ታቅፌ ሰኞ ገበያ መሐል ቆሜ «ይቅርታ፣ ሬዲዮ አጣልቶዎት ያውቃል?» እያልኩ ሰው አስቸግራለሁ። ግማሹ የቀበሌ ጆሮ ጠቢ መስዬው ሸሸኝ። ከልቧ የመለሰችልኝ አንዲት በርበሬ ሻጭ ብቻ ነበረች፤ «ሬዲዮ የለኝም ልጄ፤ ለመጣላት አማቴ ትበቃኛለች» አለችኝ። ይህን የትኛው ምዕራፍ ውስጥ እንደማስገባው እስካሁን አላወቅኩም።

የምፈልገውን ግጭት ያገኘሁት ኮምቦልቻ፣ እህቴ ቤት ነው። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርጄ ከቤቷ ስገባ፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳንጨርስ «ባሌና ወንድማችን ተኳርፈዋል» አለችኝ።

ባሏና ታላቅ ወንድማችን በአንድ አጥር የሚለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው። ሁለቱ በጋራ አንድ ሬዲዮ ነበራቸው። ሬዲዮውን የገዛው ባሏ ነው፤ ባትሪ ድንጋዮቹን የገዛው ወንድማችን። ባሏ ዘፈን ይወዳል፣ ወንድማችን ዜና። አንድ እሑድ ከሰዓት ባሏ ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈን ሲያዳምጥ ወንድማችን ጣቢያውን አዞረበት። «ሬዲዮዬን አትንካ» አለ ባል። «እንግዲያው ድንጋዬን መልስ» አለ ወንድም፤ ድንጋዮቹን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ድንጋዮቹ ጉልበት እንዲያገኙ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። ከአጥሩ ወዲህ ደግሞ የእህቴ ባል ትንፍሽ የማይለውን ሬዲዮ በጨርቅ ይወለውላል። አንዱም ዘፈን አይሰማም፣ አንዱም ዜና አይሰማም፣ ሁለቱም ግን ንብረታቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቃሉ።

እኔ በደስታ ልሞት! ሬዲዮ አለ፣ ግጭት አለ፣ ሁለት ወገን አለ። ወረቀቴን ዘርግቼ መጻፍ ስጀምር እህቴ እርሳሴን ከእጄ መንጭቃ ወሰደችው።

«ወላሂ፣ የቀልድ ነገር አይደለም! እነሱ ተኳርፈው ልጄ እንዴት ስም ይወጣለታል? አባታችን የለ። እንደ አባት ሆኖ የሚመርቅልኝ ወንድሜ ነው። አጥር ተሻግሮ ላይመጣ ነው?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንጀቴን በላችው። ጥናቱን ትቼ አስታራቂ ፍለጋ ወጣሁ።

ከቢስቲማ አንድ አባጋር መጡልን። አባጋር በእኛ አገር ጠብ የሚያበርድ፣ ቃሉ የሚከበር ሽማግሌ ነው። የእኚህ ሰው ሥርዓት ደግሞ ዝንፍ አይልም፤ በጠቡ መሐል የተናገረ ሁሉ ይቀርባል፣ የቀረበ ሁሉ ምርቃቱን «አሚን» ብሎ ይቀበላል። አንዱ ከቀረ እርቁ እርቅ አይደለም።

እህቴ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈና፣ ወንድሜም በአባጋሩ ጥሪ አጥሩን ተሻግሮ መጥቶ ተቀመጥን። አባጋሩ ማን ክፉ እንደተናገረ ጠየቁ።

«እኔ ምንም አልተናገርኩም አባባ» አለ ወንድሜ። «ሲለፈልፍ የነበረው ሬዲዮው ነው።»

«እኔም እሱን ሳዳምጥ ነው የነበርኩት» አለ የእህቴ ባል።

«እንግዲያው እሱም ይቅረብ» አሉ አባጋሩ። የሚስቁ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። የምራቸውን ነው።

ሬዲዮው መጥቶ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ የቀበሌው ሊቀመንበር ካኪውን እንደለበሰ እያለከለከ ደረሰ። ሬዲዮ ሊዳኝ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ኖሯል። «የአብዮቱ ድምፅ የሚሰማበት ዕቃ ሊከሰስ አይችልም!» አለ።

«አልተከሰሰም ልጄ» አሉ አባጋሩ በለሆሳስ። «ምስክር ነው። አብሽር፣ ተቀመጥ።»

ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰበና ምስክሩን ለመጠበቅ ከሬዲዮው ጎን ተቀመጠ።

«ድዳ ምስክር ግን አልቀበልም» አሉ አባጋሩ ቀጥለው።

ወንድሜ በመሐረብ የቋጠራቸውን ድንጋዮች አወጣና ማስገባት ጀመረ። ሬዲዮው ዝም አለ። አውጥቶ መለሳቸው፤ አሁንም ዝም። የእህቴ ባል መጀመሪያ ፊቱን አዞረ፣ ከዚያ ከንፈሩን ነከሰ፣ በመጨረሻ አላስችለው አለ።

«ገልብጠው እንጂ! ያኛውን ገልብጠው!»

ከተኳረፉ ወዲህ ለወንድሜ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ወንድሜም ቀና ሳይል «የቱን?» አለ። ሁለቱ ጭንቅላታቸውን ገጥመው ሬዲዮው ላይ ሲያቀረቅሩ፣ እህቴ በር ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሬዲዮው ተንሿሿና አንድ ሰው ስለ ምርት ዘመቻ በቁጣ ንግግር ሲያደርግ ተሰማ። አባጋሩ «ተራውን ይጠብቅ» አሉ። ግን ሊቀመንበሩ እያየ ማን ደፍሮ ይዝጋው? ስለዚህ እርቁ በንግግሩ ላይ እየተጮኸ ቀጠለ። ወንድሜ «ይቅር በለኝ» ሲል ሰውየው ስለ ማዳበሪያ ያወራል። የእህቴ ባል «እኔም ይቅር ብያለሁ» ሲል ወደ ትራክተር ተሻግሯል። አባጋሩ በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ልባችሁን አንድ ያድርገው!» ብለው መረቁ። እኛ «አሚን!» ስንል ከሬዲዮው የአዳራሽ ጭብጨባ እንደ ዶፍ ወረደ።

ሊቀመንበሩ ልማድ ሆኖበት ብድግ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ሊቀመንበር እያጨበጨበ መቀመጥ ደግሞ በዚያ ዘመን አይሞከርም። ሁላችንም ተነስተን አጨበጨብን። አባጋሩ ሬዲዮውን በትኩረት ተመለከቱና «በራሱ መንገድ አሚን ብሏል» አሉ።

ወንድሜና የእህቴ ባል እየሳቁ ተቃቀፉ። በኋላ አማካሪዬ ይህን ገጽ አንብቦ «ይህ የሳይንስ ማስረጃ አይደለም» ብሎ በቀይ ሰረዘው። እሱ አልነበረማ!

የእህቴ ልጅ ስም በወጣለት ቀን ሬዲዮው ድንጋዮቹን እንደጎረሰ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወንድሜ ከእርቁ በኋላ አላወጣቸውም። ሕፃኑን ታቅፎ መረቀ፣ ስምም አወጣለት። ከእንግዶቹ አንዱ «የዜና ሰዓት ደርሷል፣ ክፈቱት እንጂ» አለ።

ሕፃኑ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ያለቅሳል።

«ተወው፣ ልጁን እንስማ» አሉ ዘፈን ወዳዱና ዜና ወዳዱ እኩል።

እህቴ ከመቀነቷ ውስጥ እርሳሴን አውጥታ ሰጠችኝ። «በል አሁን ጻፍ» አለችኝ።