የበርበሬ ጆንያና እምቦሳዋ

የልጄ እናት በወለደች በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ልጅ ሳለሁ አባዬ አማኑኤል ሰፈር፣ ቤታችን ጓሮ፣ ሦስት የፈረንጅ ላሞች ነበሩት። ወተቱን እስከ ሲኒማ ራስ ድረስ እናደርስ ነበር። የጥጃዎቹን ቤት የሠራው ከመርካቶ በተገዛ የዕቃ ሣጥን ጣውላ ነው፤ ሽንቱ በስንጥቁ እንዲወርድ ወለሉን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎታል። «ጥጃን የሚገድለው ረሃብ ብቻ አይደለም፤ እርጥብ መኝታም ነው» ይል ነበር። ያኔ ምሽት ላይ ጥጃዎቹን ሲያጠጣ ፋኖሱን ምሰሶው ላይ ይሰቅላል፤ ወተቱ የሚሞቅበት ውሃ ከሰሉ ላይ እየተነነ ተረት ይነግረኛል። ተረቶቹ ሁሉ ስለ ከብት ነበሩ። ሌላ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ቦራ የምንላት ላም ጠዋት ወለደች። ደሙ ግን አልቆም አለ። አባዬ እንደማትተርፍ ሲገባው ተንበርክኮ እንገሯን አለበ። አንድ ጣሳ ወጣ። ከዚያ ሞተች።

«ይቺን ጣሳ ዛሬ ካልጠጣች፣ ጥጃዋም አትተርፍም» አለኝ።

እንገር የመጀመሪያው ወተት ነው፤ ቢጫና ወፍራም። ጥጃ በተወለደበት ቀን ካላገኘው በሽታ የሚችልበት አቅም አይኖረውም። ሁለቱ ላሞች ደግሞ ከወለዱ ወራት አልፏቸዋል። ያለን ያቺው ጣሳ ነበረች።

አባዬ ቦራን በሸራ ሸፈናትና የሚያነሳት መኪና ሊፈልግ ወጣ። እኔ ጥጃዋን አድርቄ፣ መኝታ አንጥፌ እንድጠብቀው አዘዘኝ። ጭድ አልቆ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ከድር በርበሬ በረንዳ ጆንያ ይሸጥ ስለነበር ሄጄ ሁለት ለመንኩት።

«አጥበህ፣ አድርቀህ ነው ታዲያ!» አለኝ።

እሺ አልኩ። ጥጃዋ ግን ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ማን እስኪደርቅ ይጠብቃል? በር ላይ አንዴ አራገፍኩና አንዱን አነጠፍኩላት፣ ሌላውን አለበስኳት።

አዲስ ጥጃ ከባልዲ መጠጣት ሲለምድ ሁለት ጣት ታጎርሰዋለህ፤ መጥባት ሲጀምር እጅህን ቀስ አድርገህ ወተቱ ውስጥ ትነክራለህ። የአባዬ ጣት ወፍራምና የተሰነጣጠቀ ስለነበር ይህ የእኔ ሥራ ነበር። አባዬ መኪና ተነጋግሮ ተመለሰና እንገሩን አሞቀ፤ እኔም ጣቶቼን አጎረስኳት። አንዴ ሳበችና አፏን አላቀቀች። ራሷን ነቀነቀች፤ ለሃጯ ተዝረበረበ። ደግሜ ሰጠኋት። አፏን ገጠመች። ዐይኗ ያነባል፤ ታስነጥሳለች።

«ሳንባዋ ነው» አለ አባዬ።

እንገሩ በረደ፣ አሞቀው። እንደገና በረደ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ከድር መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ሸራውን አየ፣ ጥጃዋን አየ።

«አሁን ምን ይባላል? እምቦሳ እሰሩ ልበል ወይስ እግዜር ያጥናችሁ?»

«ቆይ» አለው አባዬ። «ገና ምንም አትበል።»

የልጄ እናት የሞተች ቀን እኔም ቤት በር ላይ ሰዎች እንዲሁ ቆመው ነበር፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ መጥተው።

አባዬ ሲጨንቀው ተረት ያወራል። ከጥጃዋ አጠገብ ቁጭ አለና ጀመረ። ጅብ፣ እናቷ የሞተችባት ጥጃ መኖሯን ሰምቶ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ነጠላ ለብሶ ሄደ። ‹አክስትሽ ነኝ፣ ላሳድግሽ መጣሁ› አላት። ጥጃዋ ‹ጣትሽን አጥቢኝ› አለች። ቀመሰችና ‹ልብስሽ የአክስቴ ነው፤ እጅሽ ግን የዋልሽበትን ይናገራል› ብላ አፏን ገጠመች።

«ጥጃ ፊት አያውቅም፤ የሚያውቀው እጅ ነው» ብሎ ጨረሰ።

ያኔ ዐይኔን አሸሁ። እሳት ሆነ።

ጆንያው! የበርበሬው ብናኝ እጄ ላይ ነበር። ገባኝ። እጄን ከጀርባዬ ደበቅኩ። አባዬ ጣሳውን ለሦስተኛ ጊዜ ከከሰሉ አጠገብ አስጠጋ። ዱላ ፈርቼ እሱን አየሁ፣ ከዚያ ጥጃዋን። ራሷን መያዝ አቅቷት አገጯን መሬት ላይ ጣለች።

«አባዬ፣ ጅቡ እኔ ነኝ።»

እጄን ይዞ አሸተተ። ከዚያ ጆንያውን ከላይዋ ገፎ ወረወረው።

«አጥበህ አላልኩህም አንተ?» ጮኸ ጋሽ ከድር። «ጥጃ ነው ያስተኛኸው ወይስ ለወጥ ነው ያዘጋጀኸው?»

ማንም አልሳቀም፣ እሱም።

አባዬ አልመታኝም። ሌላውንም ጆንያ ጎትቶ አወጣና ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበትን ካፖርት አነጠፈላት። አፏን በሌላ ላም ወተት አጠበ። እጄን በሳሙና፣ በዘይት፣ ደግሞ በሳሙና አሸው። አላመነም። ሁለቱን ጣቶቼን ራሱ ጎርሶ ቀመሳቸው።

«አሁን ስጣት።»

ፊቷን አዞረች። ጠበቅኩ። በምላሷ ነካችኝ፣ ተወችኝ፣ ከዚያ ያዘች። እጄን ወደ ጣሳው አወረድኩት። እንገሩ ከጣቴ አንጓ በታች ሲጎድል ይሰማኛል። ባዶው ጣሳ ሲንኳኳ ጋሽ ከድር ዝቅ ባለ ድምፅ «እንግዲያው እምቦሳ እሰሩ» አለ።

ዛሬ ለልጄ ጡጦ ከማዘጋጀቴ በፊት እጄን ሦስት ጊዜ እታጠባለሁ። እህቴ «ቆዳህን ልትገፈው ነው እንዴ?» ትለኛለች። ተረቱን አልነገርኳትም። ከዚያ ቀን ይበልጥ አብሮኝ የቀረው ግን ተረቱ አይደለም፤ አባዬ ቀኑን ሙሉ ወደ ሸራው ዞር ብሎ አለማየቱ ነው። ያኔ ረስቷት መስሎኝ ነበር። የባለቤቴ ነጠላ እስካሁን ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ በአጠገቡ ሳልፍ አላየውም።

የዚያን ቀን ሲመሻሽ መኪናው መጣ። ጫኞቹ ሸራውን ሊጎትቱ ሲሉ አባዬ «አንዴ ቆዩ» አላቸው። ተንበርክኮ ገመዱን ከቦራ አንገት ፈታ።