ኃይለ መስቀል ጀልባ ሲመርጥ

እኔ ከመታጠቢያ ገንዳ ያለፈ ውሃ አልወድም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ዋና አላውቅም፣ ለመማርም አላሰብኩም። ባለፈው ዓመት ግን ዳላስ አጠገብ ካለችው ከዋይሊ ተነስቼ ባሕር ዳር እስካለችው እስከ ጋልቨስተን አራት ሰዓት ተኩል እየነዳሁ፣ ጀልባ ለማየት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ጥፋቱ የጓደኛዬ የኃይለ መስቀል ነው።

ኃይለ መስቀል በወጣትነቱ አሰብ ላይ የባሕር ኃይል የሞተር ክፍል መካኒክ ነበር። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲወድቅ መርከባቸው ወደ የመን ወጣች፤ እሱም አብሯት ወጣ። ከዚያ በስደተኛነት ዳላስ ገባና ሃያ አራት ዓመት ኤርፖርት ላይ ታክሲ ነዳ። የተዋወቅነውም እዚያ ተራ ስንጠብቅ ነው። ሌላው ሾፌር ስለ ፖለቲካ ሲጨቃጨቅ እሱ ስለ ናፍጣ ሞተር ያወራ ነበር። ሰሚው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም የምሰማው ደግ ስለሆንኩ ሳይሆን መኪናዬ ከመኪናው ኋላ ስለምትቆም ነው።

ወገቡ እምቢ ሲለው ታክሲውን ተወ። ሚስቱ ወለተጊዮርጊስም ከሆስፒታል ሥራዋ በዚያው ዓመት ወጣች። ያን ጊዜ ሐሳቡን አወጣ፦ ሁለቱ ብቻቸውን ጀልባ ይዘው፣ ቀን እየተጓዙ ማታ ወደብ እያደሩ፣ በባሕሩ ዳር ዳር ፍሎሪዳ መድረስ። “እሷ ካልመጣች ግን የለም፤ ብቻዬን ምን ላደርግ ነው ባሕር የምወርደው?” አለኝ። ቀልድ አልነበረም።

ምርጫው ከሁለት ነበር። አንደኛዋ ትራውለር የሚሏት፣ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ መልክ ያላት፣ ሆዷ ሰፊ፣ ሞተሯ አንድ፣ ብትሞት በሰዓት ከስምንት ማይል በላይ የማትሄድ ናት። ሁለተኛዋ ካታማራን ናት፤ ከሥር ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን፣ ከላያቸው አንድ ቤት፣ ከኋላ ሁለት ሞተር። ይቺ በሰዓት ሃያ ማይል ትበርራለች፤ ውሃው ላይ የምትቀመጠውም እንደ ጠረጴዛ ነው። የኃይለ መስቀል ልብ ያለው ትራውለሯ ላይ ነበር። ሞተሯን ገልጦ ሲያይ ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ሌላ ጊዜ አይቼበት አላውቅም።

መጀመሪያ የሞከርነው እሷን ነው። መጋቢት ላይ፣ አንድ ዓርብ። “ሶ፣ ለዓርብ ቡክ አድርጌያለሁ፤ የጀልባው ደላላ በዚህ ሳምንት የሚመቸው ዓርብ ብቻ ነው” አለ፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። መንገድ ላይ እኔና እሱ የምስር ሳምቡሳ በላን። ለወለተጊዮርጊስ ስንዘረጋላት “ትንሽ ቆይቼ” አለችና ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች።

ባሕሩ ላይ ነፋስ ነበር። ትራውለሯ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ወለተጊዮርጊስ ፊቷ አመድ መሰለ፤ የጀልባዋን ጫፍ ይዛ አስመለሳት፤ ያውም ምንም ሳይወጣት። ኃይለ መስቀል ጀርባዋን እያሻሸ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ትለምጂዋለሽ” ሲላት፣ “እንቁላሉ ይሂድ፤ እኔ ቤቴ እገባለሁ” አለችው። 

ከፋሲካ በኋላ ካታማራኗን ልናይ ሄድን። ወለተጊዮርጊስ ጠዋት እንቁላሏን በቅቤ በልታ፣ መኪና ውስጥ እየሳቀች ነው የደረሰችው። ጀልባዋም አላሳፈረቻትም። ፊት ለፊት ተቀምጣ ለልጇ ለቃልኪዳን ቪዲዮ ኮል አደረገች፤ ፍሪስኮ ከተማ ቢሮዋ ላለችው ልጅ ባሕሩን አሳየቻት። “ይቺ ከሆነች እመጣለሁ” አለች። ኃይለ መስቀል ደስ አለው፤ ደስታው ግን የለቅሶ ደራሽ ነበር። እንግዲህ ሚስትን ያህል ነገር ለሞተር አይሸጡም፤ ትራውለሯን ተዋት።

በሳምንቱ ዓርብ ዋይሊ ቤታቸው ምሳ ጠሩኝ። ካታማራኗን የሚገዙበትን ወረቀት ልናይ ነው። ወለተጊዮርጊስ ጥብስ ይዛ መጣች።

“ዓርብ ሥጋ?” አልኳት ለመተንኮስ።

“በዓለ ሃምሳ ነው እኮ፣ ታፈሰ። ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያን አልሄድክም መሰለኝ።”

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ጠቅ ያደረገኝ። “ማለቴ… ያኔ ትራውለሯ ላይ የወጣን ዕለትም ዓርብ ነበር። በልተሽ ነበር?”

“በዐቢይ ጾም? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውሃ እንኳ አልቀምስም።”

ኃይለ መስቀል ሹካውን አስቀመጠ። እኔና እሱ ከሥጋ ከወተት እንከለከላለን እንጂ ሰዓት አንጾምም፤ በባዶ ሆዷ ከነፋስ ጋር ባሕር ላይ እንዳወጣናት አንዳችንም አላሰብንም። ጀልባዋን በከንቱ ነው የወነጀልናት።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አላት።

“ጾም ይለፈፋል እንዴ? ታውቃለህ ብዬ ነው።”

“አላውቅም።”

“ሠላሳ ዓመት ጾሜያለሁ፣ ኃይሌ።”

አንገቱን ደፋ። እሷ ቀን ሆስፒታል፣ እሱ ሌሊት ታክሲ፤ እሷ ምሳ የምትበላበትና የማትበላበት ሰዓት ለእሱ የእንቅልፍ ሰዓት ነበር። ልጅ ሲያሳድጉ እንኳ የተቀባበሉት በር ላይ ነው። “አፈርኩ፣ ወለቴ። በጣም አፈርኩ” አላት። እኔም አፈርኩ፤ ባይሆን ሳምቡሳውን እንኳ ደብቄ መብላት ነበረብኝ።

እሷ ግን ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችና፣ “በል ብላ። ሰኞ ደግሞ በልቼ ልሞክራት” አለች።

ሰኞ ጨጨብሳዋን በልታ ትራውለሯ ላይ ወጣች። ነፋሱ እንዳለ ነው፤ ጀልባዋም መወዛወዟን አልተወችም። ወለተጊዮርጊስ ብረቱን ጥብቅ አድርጋ ያዘች፤ አንድ ሁለቴ ዓይኗን ጨፈነች፤ አላስመለሳትም። ተመችቷታል ለማለት ግን አልደፍርም። ኃይለ መስቀል ሞተሩን ረስቶ የሚያየው እሷን ብቻ ነበር።

“ወለቴ፣ ተይው፤ ካታማራኗ ትሁን” አላት። “አንቺ ከተመቸሽ ለእኔ ኦኬ ነው።”

“ያቺ ፍሎሪዳ በስንት ቀን ታደርሰናለች?”

“በሦስት ቀን።”

“ይቺስ?”

“ዐሥር ቀን። ነፋስ ከበዛ ዐሥራ ሁለት።”

ብረቱን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው ክንዱን ያዘችው።

“እንግዲያው ይቺ ትሁን። በሦስት ቀን አታውቀኝም።”