የልጄ በሽታ ኮድ

ከሂርና ወደ ጭሮ በሚኒባስ ስንሄድ ልጄ መስኮቱ ጋ ካልተቀመጠ ሰላም አይሰጠኝም። ስድስት ዓመቱ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ከሳንባ ምች ወደ ጆሮ ሕመም፣ ከጆሮ ሕመም ወደ ሳንባ ምች ሲመላለስ ኖሮ፣ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ነገሩን ደረሱበት። ሰውነቱ በሽታ የሚከላከልበትን ነገር አይሠራም። በዘር የሚመጣ ነው አሉ፤ የመጣውም ከእኔ፣ ከእናቱ ወገን ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ለአማቴ እስካሁን አልነገርኳቸውም። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ስለ ዘር ውርስ ሳስተምር ግን አፌ አይያዝም።

በየወሩ ጭሮ የምንሄደው ልጁ በየቀኑ የሚወስደውን መድኃኒት ለመቀበል ነው። ከተቋረጠበት ይታመማል። ባለፈው ወር ስንሄድ ሆስፒታሉ ካርዱን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር አዙሮ ጠበቀን። የበሽታው ኮድ ካልገባ ፋርማሲው መድኃኒት አይሰጥም ተባልን።

ወረፋው ረጅም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ከገለምሶ የመጣች ሴት ልጄን በኦሮምኛም በአማርኛም "ኮቱ፣ እዚህ ና" ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ብስኩቷን ቆርሳ ሰጠችው። "ማሻአላህ፣ ዓይኑ ሲያምር! አብሽሪ፣ ያድጋል" አለችኝ። ልጄን ሰው ሲያቅፍልኝ ደስ ይለኛል። ሰፈራችን ውስጥ ሲያስል የሰሙ እናቶች ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ።

ተራችን ደረሰ። ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ የአዲስ አበባውን ወረቀት አነበበና ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የበሽታ ዝርዝር ወደ ላይ ወደ ታች አለው። ወባ፣ ቲቢ፣ ተቅማጥ፤ የኛ የለም።

"ከመከላከል አቅም ጋር የሚገናኝ ያለው ይሄ ብቻ ነው። እሱን ላድርገው እንዴ?" ብሎ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ኤችአይቪ ይላል።

ደሜ ፈላ። "ልጄን ከእነሱ ጋር ልትደምረው ነው? እኛ ጨዋ ሰዎች ነን!" ብዬ ጮኽኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሠራተኛው ደነገጠ። "ኧረ መምህርት፣ ካልሆነ እኮ 'ሌሎች' የሚል አለ" አለና እዚያ አስገባው። መድኃኒቱ በዚያው ተፈቀደ። ቀስ ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ያኔውኑ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ዞር ስል ሴትየዋ ልጄን ከጭኗ አውርዳ ቆማለች። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል አለ፤ ነርሷ ከዚያ በር ላይ ሆና በእጇ ጠራቻት። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ልጄ ምንም አልገባውም። እንደገና እንድታቅፈው እጆቹን ዘርግቶ ተከተላት። እሷ ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

"አይ ልጄ" አለችው ቀስ ብላ። "እናትህ አትወድም።"

እወዳለሁ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የልጄን እጅ ይዤ ወደ ፋርማሲው ሄድኩ።